ጎማ ፈንድቶ ነው

ቡሬ ላይ ነው ያገኘኋት፣ ከበቆሎው ጆንያ መሀል፤
ረዳቴ አንማው አግብቶ ቀርቷል፣ ወንበሩ ባዶውን ይውላል።
"ነይ" ስላት መጥታ ተኛች፤ የወር ደሞዝ የላት፣
ቀለቧ ነው እንጂ፣ የጣና ዓሣ ጭንቅላት።

ቤቴ ይኸው ጋቢናዬ ነው፤ ከመሪው ኋላ ፍራሽ አለ፤
የእናቴ ፎቶ፣ ፎጣዬም ከመስታወቱ የተንጠለጠለ።
"ቤትህ የት ነው?" ለሚለኝ ሰው ታርጋዬን ነው የማሳየው፤
ለእሷም በሌሊቱ ብርድ ምድጃዋ ሞተሩ ነው።

ዓባይ በረሃ ስንወርድ ጆሮዋ ወደ ኋላ ይተኛል፤
በሁለተኛ ማርሽ ሳቃስት ጥፍሯ ጭኔን ይይዘኛል፤
እውነቱን ለመናገር፣ ከፍሬኑ እሱ ይሻለኛል።

ዛሬ ግን ደጀን ላይ፣ ነዳጅ ስቀዳ ወርዳ ጠፋች፤
ከጤፍ መጋዘኑ ጀርባ፣ ማን ያውቃል የት እንደገባች።
"ይኼነው፣ የት ደረስክ?" ብሎ ባለመኪናው ሲደውልልኝ
"ጎማ ፈንድቶ ነው" አልኩት፤
ስድስቱም ጎማ በሙሉ ጤናው አፍጥጦ እያየኝ።

መሸ። ጉሙ ከበረሃው አፋፍ ቀስ እያለ ሲወጣ፣
የዓሣ ጭንቅላት መወጣጫው ላይ አኖርኩ፣
ምናልባት ሸቷት ብትመጣ።
ለሰው እንኳ አላውቅም ነበር እንዲህ ደጅ ቆሜ መተከዝ፤
በሩን ከፈትኩት። ሞተሩን ግን አላጠፋሁም፣
ምድጃዋ እንዳይቀዘቅዝ።