የጠዋት መጥረጊያ

ዛሬም ከቀፎው ሥር በመጥረጊያ ጠረግሁ፤
ሰፌዱ ሞላልኝ፤ ልቆጥር ጀምሬ ተውሁ።

ልጄ ትርንጎ ናት መዝገቡን የምትይዘው፣
ስንት ብልቃጥ ወጣ፣ ማን በዱቤ ወሰደው።
እነዋሪ ገበያ ማራችንን ያውቃል፤
«ስኳር ያልነካው ነው» ብሎ ሰው ይምላል።
ዛሬ ሦስተኛው ላይ ጆሮዋን ለጥፋ፣
«ድምፅ የለም» አለችኝ፣ አንድ መስመር ጽፋ።

ለጉንዳን ከእግሩ ሥር አመድ ነስንሻለሁ፣
ለክረምት ስንቃቸው ማር ትቼላቸዋለሁ፤
ነፋስ የሚያመጣውን በምን እመልሳለሁ?

ከስንዴው ማሳ ላይ ጋሽ ማንያዘዋል
ሰማያዊ መርጫ አዝሎ ይመላለሳል።
እሱስ ምን ያድርገው? ሙጃ መች ይበላል።

ማታ በሬን መታ፣ ባዶ ብልቃጥ ይዞ፤
«ለልጄ ሳል ነበር» አለኝ ደጅ ላይ ፈዞ።
ልናገር ነበረ።
ሚዛኑን አወጣሁ።
ከአምና የተረፈውን፣ ከሰፈፉ ጋራ፣
እስካፉ ሞላሁለት፤ ዋጋም አልተጠራ።
«ማታ ማታ ርጭ» አልሁት፣ «ሲገቡ ከሥራ።»

አንገቱን ደፍቶ ሄደ። ትርንጎ ስሙን ጻፈች፣
ዕዳ በሚለው በኩል፤ ቀና ብላ አየች፤
«እማ፣ የማን ዕዳ ነው?» ብላ ጠየቀች።

መልስ አልነበረኝም። መጥረጊያውን አንስቼ
ከበሩ ጀርባ አቆምሁ፣ ነገን ፈርቼ።