ስለ እኔ ብላልኝ

ከአምስተኛው ፎቅ ላይ፣ ከዛገው ሰገነት፣
ቅርጫቷ ወረደች፣ ገመድ ታስሮባት።
በውስጧ ወረቀት፣ የመብራት ሒሳብ፣
ጀርባው ላይ በእርሳስ፣ የዶና ኒንፋ ሐሳብ፦
«ካሎጄሮ ልጄ፣ ጉልበቴ ከዳኝ፤
ደረጃው መቶ ዐሥር፣ ማን ደግፎ ያውርደኝ?
ውረድ አንተ እንግዲህ፣ ስለ እኔ ብላልኝ።
ስትመለስ ደግሞ፣ አንድም ሳታስቀር፣ ጆሮዬን አጉርሰኝ።»

እኔ የኤና ሰው ነኝ፣ ከተራራ፤
እዚህ ከመጣሁ ሦስት ወር፣ ከቢሮ ውጭ ማንንም ሳላወራ።
ወጣሁ። መሪ የለኝ፣ ካርታ የለኝ፣
የመብራት ሒሳብ ነው መንገድ የሚያሳየኝ።

ፓሌርሞ በጠዋት፣ ድንጋይዋ ታጥቦ፣
የሰይፍ ዓሣ ራስ በበረዶ ተከቦ፣
ሻጩ ይጮኻል ለማንም፤
ድመት ትሰማዋለች፣ ግን አትገዛም።

«ባላሮ ገበያ፣ ከደወሉ ማማ በስተግራ፣
የሽንብራ ዱቄት የሚጠብስ አለ፤ ኩሩ ነው፣ ስሙን አትጥራ።
ቀኝ እጁ ላይ ጠባሳ አለ፣ በሱ ትለየዋለህ።»
ለየሁት። ግን ልጁ ነው።
አባት ከሞተ ቆይቷል፤
ዘይቱ ጠባሳውን አውርሶት ኖሯል፣
ያው እጅ፣ ያው ቦታ ላይ።
ትኩሱን በዳቦ መሃል ሰጠኝ። እስኪበርድ ማን ጠብቆ?
ነከስኩት። ምላሴ ተላጠ፤ እንባዬ ወረደ፣ ሳቄን አንቆ።

«ሁለተኛውን አትፈልገው፣ ራሱ ይመጣል፣
በባለ ሦስት እግር መኪና፣ በድምፅ ማጉያ እየማለ።
የደረቀውን ጠርዝ ቁረጥልኝ በለው፤
መሃሉን ለቱሪስት ይሽጠው።»
ሽንኩርት የለበሰ ወፍራም ዳቦ፣ ሰርዲን የሸሸገ በጉያው፤
ጠርዙን በጥርሴ ስሰብረው፣ ድምፁ በለጠ ከማጉያው።

«ሦስተኛ፣ ገዳሙ። ደጁ ላይ የሚሽከረከር እንጨት አለ፤
ሳንቲምህን አኑርና አዙር፤
የማታያት እናት የለውዝ ጣፋጭ ትልክልሃለች።
ፊቷን ለማየት አትሞክር።»
ደረስኩ። የመስታወት በር። በካርድ የሚከፈት ቁልፍ።
ከንፈሯን የተቀባች ልጅ፣ «ክፍል አስይዘዋል?» አለችኝ።
እንጨቱ ግን አለ፣ የአበባ ማስቀመጫ አድርገውት።
ገፋ አደረግኩት።
አልዞረም።

አራተኛ፣ የጣፊያ ዳቦ። ባለ ድስቱ ቀና ብሎ
«ላጤ ወይስ ባለትዳር?» ይላል።
አይብ ከገባበት አግብቷል፤
ሎሚ ብቻ ከሆነ ላጤ ይባላል።
ወረቀቱ ላይ «ባለትዳር» ተሰርዞ «ላጤ»፣
«ላጤ» ተሰርዞ እንደገና «ባለትዳር»፣
እሱም ተሰርዟል፣ እርሳሱ ወረቀቱን እስኪበሳ።
ከኋላዬ ሰልፍ አለ። ሰውየው ቢላዋውን ይዞ ይጠብቃል።
ሁለቱንም በላሁ።

ማታ መቶ ዐሥሩን ወጣሁ።
በጆሮዋ አጎረስኳት፤ ዐይኗን ጨፍና አላመጠች።
ስለ ጣፊያው ስነግራት ዝም አለች፣ አልጠየቀችኝም።
ገዳሙ ላይ ስደርስ ዋሸሁ፦
«ጣቷ ብቻ ታየኝ፤ እናቲቱ አርጅታለች።»

ኒንፋ እስክትስል ሳቀች።
«መነኮሳቱ ከሄዱ ሃያ ዓመት ሊሞላ ነው ልጄ፤
ያቺን አውቄ ነው የጻፍኳት፣ ውሸትህ ስንት እንደሚመዝን ልይ ብዬ።
እንግዲህ ሌላውን በምን ልመን?»

ምን ልበላት?
ወደ መብራቱ ተጠጋሁና
ምላሴን አወጣሁላት።

መነጽሯን ፈልጋ አጠለቀች። አየች። ደግማ አየች።
«አዎ» አለች፣
«ይሄ የሱ ዘይት ነው።»