የዜፈሪኖ እጅ

ኦርታን ከለቀቅን፣ አምስት ሌሊት ሆነን፤
ገመድ ለጥልቁ እንለቃለን፣ ቁልቁል እያየን።
ዜፈሪኖ ቆሟል፣ ከማጠንጠኛው ዳር፤
አባቱ በዚህ ባሕር፣ ዓሣ ነባሪ ያድን ነበር።
«እሱ ደም ጎተተ፣ እኔ ድንጋይ» ይላል፤
ያልተለኮሰች ሲጋራ፣ በጥርሱ ነክሷል።

ስክሪኑ ላይ ድንገት፣ ጥቁር ጭስ ተነሣ፤
ከውሃ ሥር ማን አለ፣ ምድጃውን የረሳ?
ዓይን የሌላት ሽሪምፕ፣ ከፍሉ ዳር ትግጣለች፤
መብራታችን ሲያርፍባት፣ ዞርም አላለች።

ሲነጋ ስባሪው፣ ከመርከቡ ደረሰ፤
እንደ ገማ እንቁላል፣ ጓዳውን አዳረሰ።
ኦዴት በመጋዝ ከፍላ፣ ውስጡን ስታሳየው፣
«በቶን ስንት ግራም ወርቅ?» አለ የኩባንያው ሰው።
ዜፈሪኖ ጓንቱን አወልቆ ዳሰሰው፤
«ያ ሁሉ ፍላት...» አለ። «በረዶ ነው።»

ጓንቱን መልሶ አጠለቀ።
ማጠንጠኛው ጮኸ፤ ሁለተኛው ቅርጫት ጠለቀ።