ሦስቱ ሀ

ከጃንተከል ዋርካ ትንሽ ዝቅ ብሎ፣
ከሰዓት ጠጋኙ ከአጣናው ቀጥሎ፣
የእኔ ክፍል አለች፤ ብሎን የሞላባት፣
የሞተ ስልክ ሁሉ ተራ የሚጠብቅባት።

ሐሙስ አመሻሽ ላይ ስንቅነሽ መጣች፣
ከሆስፒታል ወጥታ፣ ጋውኗን ሳታወልቅ፤
ላፕቶፑን በሹራብ እንደ ጨቅላ ጠቅልላ
ከጠረጴዛው ላይ አኖረችው ቀስ ብላ።

«አልነቃ አለኝ» አለች። «ትናንት ዲስኩን ከዳር ዳር ቆለፍኩት፤
የበሽተኛ ስም ነው፣ የደም ውጤት ነው፣
በካላዛር ታመው ከመተማ ቆላ የመጡት ሰዎች ነው።
ሌላ ዓይን እንዳያይ ብዬ ነበር።
አሁን እኔን ራሴን እንደ ሌባ አየኝ፣
ቃሉን ብሰጠውም ከደጁ መለሰኝ።»

አበራሁት። ጥቁር። አንዲት ነጭ ሰረዝ
ብልጭ ድርግም ትላለች፣ ቃል ትጠብቃለች።
ማራገቢያው ይዞራል፤ ትንፋሹ ደኅና ነው።
ራሙን ነቀልኩና በላጲስ አሸሁት፣
ባትሪውን አወጣሁ፣ አናፈስኩ፣ መለስኩት፤
እንደ ቅድሙ ዝም።
ዲስኩን ከሌላ ማሽን ገጥሜ አየሁት፤
ትርምስ ነው ያለው።
አልሞተም። ተደብቋል።

«በምን ፊደል ጻፍሽው?» አልኳት በመጨረሻ።
«በእኛው ነዋ!» አለች፣ ደንገጥ ብላ፤
«ማን ይገምተዋል ብዬ፣ በአማርኛ።»

ያኔ ገባኝ ነገሩ። ይህ ዕቃ ሳይነቃ
ፈረንጅ ነው፤ አፉን የፈታው በኤቢሲዲ።
አማርኛ የሚያውቀው ዓይኑን ሲገልጥ ነው፣
ዓይኑን የሚገልጠው በአማርኛ ቃል ነው።
ቤቱ ተቆልፏል፤ ቁልፉም ቤት ውስጥ ነው።

ከመሳቢያ ፍላሽ አወጣሁ፣ ሰካሁት፣
ማሽኑን በእንግዳ ነፍስ ቀሰቀስኩት፤
የአማርኛ ኪቦርድ ጫንኩና ሰጠኋት፣
ፊቴን ወደ በሩ አዞርኩ፣ ቃሏን እንዳላይባት።
አጣናው አንድ ሰዓት ከጆሮው አስጠግቶ ያዳምጣል።
ከኋላዬ የጣት ድምፅ፤ ዝምታ፤ ደግሞ ጣት፤
ከዚያ «እምቢ አለ።»

ሦስቴ። አራቴ። በመጨረሻ ምሥጢሩ አመለጣት፦
«የልጄ ስም ነው። ኅሊና። ድምፁን አውቀዋለሁ፣
ፊደሉን እንጃልኝ። የትኛው ሀ ነው? ተራውን ህ ሞክሬዋለሁ።»

አይ የኛ ነገር! አንድ ትንፋሽ፣ ሦስት ልብስ።
ሀሌታው ሀ፣ ሐመሩ ሐ፣ ብዙኃኑ ኀ፤
ጆሮ አንድ ነው ይላል፤ ማሽን ጆሮ የለው፣
ይሁን ማለት የለው።
ወንዛችን ቀሃ እንኳ በውኃ ሂሳቡ አንድ ዓይነት፣
በድልድዩ ታፔላ ሌላ፣ በማኅተም ሌላ ነው የተጻፈበት፤
እሱ አንዱንም ሳያነብ ይወርዳል።

እኔም የኔታ ዘንድ ሁለት ክረምት የተቆነጠጥኩ ነኝ፤
«ብዙኃኑ ነው!» አልኳት፣ ደረቴን ነፍቼ፤
«ኀለየ፣ አሰበ፤ ከዚያ ነው የመጣው።»
ጻፈች። እምቢ።
«እንግዲያው ሐመሩ።» እምቢ።

የቆነጠጡኝ ቦታ ጋለ።

መዞሬን ረስቼ ዞርኩ፦ «ልጅሽስ እንዴት ነው የምትጽፈው?»
ስንቅነሽ እጇን አፏ ላይ ጫነች።
«ውይ! እሷ ናት የጻፈችው፣ ጭኔ ላይ ተቀምጣ፤ ሁለቴም እሷ ናት።
አንደኛ ክፍል ናት፤ የመጀመሪያዋን ሀ ብቻ ነው የምትወደው።»

ሀሊና።
ተከፈተ።

ስም በስም ሆነ መስኮቱ። አላየሁም፤
ባይም አልነግራችሁም።

እንዲህ ያለው ቁልፍ ስምንት ቀዳዳ አለው፤
ሁለተኛውን ሞላች በቁጥርና በኤቢሲዲ፣
እኔ በሩን እያየሁ።
«የልጅቷን ላጥፋው?» አልኳት።
«ተወው» አለች፣ «አንድ ቀዳዳ እንኳ የሷ ይሁን።»

ሦስት መቶ ብር ተቀብዬ ሳበቃ መብራት ሄደ።
ፊቷ በላፕቶፑ ብርሃን ትንሽ ቆየ፣
ከዚያ ከደነችው፣ ባጃጅ ፍለጋ ወጣች።
ከጨለማው ውስጥ አጣናው፣
አርባ ሰዓት ዙሪያውን እየቆጠረለት፣
«ስንት ሰዓት ሆነ?» ብሎ ጠየቀኝ።