ዓረፍተ ነገር

በፖርቱጋል ተራራ፣ ጥድ በወረሰው መንደር፣
ለመዝገበ ዕውቀት አንዳንድ ገጽ ሊጨመር፣
መምህርት ዙልሚራ ርእስ አከፋፈሉ፤
«ውዳሴም ክስም አይደለም፤ የታወቀውን ጻፉ» እያሉ።

ለኔ የቡሽ ፋብሪካው ደረሰኝ።
«ዝነኛው» ብዬ ጀመርኩ። «በማን ዘንድ?» አሉኝ።
እዚያው ቀረሁ።

የእሳት አደጋ ማኅበሩ ለሁለት ተሰጠ፤
ካዚሚሮ፣ የአዛዡ ልጅ፣ ቀድሞ ተቀመጠ፦
«ሞትን የማይፈሩ፣ ለሰው የሚነዱ...»
ቀይ እስክሪብቶ መጣ፤ ቃላቱ ተናዱ።
«የማይፈሩ? ጠይቀሃቸዋል?»
ዝም አለ። አባቱ ሌሊት ሲባንን ሰምቶ ያውቃል።

ግራሲንዳም ጻፈች። የአክስቷ ቤት ነው የነደደው።
«ተኝተው ነበርና አርባ ደቂቃ ሙሉ...»
«ተኝተው» ተሰረዘ፤ «ማነው ያያቸው?»
«ሙሉ» በቀይ ተከበበ፤
«ጎዶሎ አርባ ደቂቃ ደግሞ የት አለ?»
ካዚሚሮ ከጎን፣ «አርባ ብቻ ቢባልስ?» አለ።
«ብቻም አይባልም።»

ሳምንት ሙሉ አልተነጋገሩም።
(ይህን «ሙሉ» ማንም አይሰርዝብኝም።)

ኋላ ከማዘጋጃ ቤቱ ምድር ቤት፣ ከሻገተ ጋዜጣ ሥር፣
እሷ የማኅበሩን መዝገብ ስትገልጥ፣ እሱ የዜናውን አምድ ሲመረምር፣
የአባቱ እጅ ጽሕፈት፦ «ድልድዩ ጋ ጥድ ወድቋል።»
ብዕሩ ወረቀቱን በስቶታል።
አንብባ ዘጋችው።
ደግማ ከፈተችው።
«ጥዱ ይግባ» አለችው።
እሱም ቀና ሳይል፣ ጣቱ ጋዜጣው ላይ፣ «አርባውም ይግባ።»

እንዲህ ሆኖ ቀረ፦
«ጥሪው ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ከአሥር ተመዘገበ።
መኪናው ዘጠኝ ከሃምሳ ደረሰ።
መንገዱ በወደቀ ጥድ ተዘግቶ እንደ ነበር ማኅበሩ ገልጿል።
ኢርሚንያ የተባለች የስድሳ ሁለት ዓመት ነዋሪ...»
እዚህ ላይ እጇ ቆመ።
«አረፈች» ብላ ጻፈች።

መምህርት ዙልሚራ መነጽራቸውን አወለቁ፤
ቀዩን እስክሪብቶ አላነሡም፤ ዝቅ ብለው ተጠጉ።
«ሞተች በይ፣ ልጄ።
ማረፏን በምን አወቅን?»

ሰርዛ ጻፈችው። ሞተች።
ነጥቡን ካዚሚሮ አኖረው፤ እስክሪብቶውን እሷ ናት ያቀበለችው።

አክስቷን እንጃ።
ነገሩ ግን እዚያች መስመር ላይ፣
ለዚያች ከሰዓት እንኳ፣
አረፈ።