የማይፈለጥ

አባቴ ፋይቭል አልማዝ ቆራጭ ነበር፣
በአንትወርፕ ከተማ፣ ከባቡሩ ሰፈር።
አጉሊ መነጽሩ ካንድ ዐይኑ ተጣብቆ፣
ድንጋይ ሲያገላብጥ፣ እስትንፋሱን ሰርቆ፣
"ጠንካራ ነው" ይላል፣ "የሚባለው ሁሉ፣
ውሉን ካገኘሽው፣ ባንድ ምት ነው ክፍሉ።

"አንዲት ዐጥንት በቀር።"
ይልና ማጅራቱን፣
የጸሎት ጠፍሩን ቋጠሮ ማረፊያውን፣
ይነካል በጣቱ።
"ሉዝ ትባላለች፣ አንድ ለውዝ ታክላለች፣
ውኃ አያሟሟትም፣ ከእሳት ትወጣለች፣
በመዶሻ ቢሏት መስፉን ትሰብራለች።
ሰማይ ጠል ሲያወርድ፣ በኋለኛው ዕለት፣
እርሾዋ እሷ ናት፣ ሰው የሚቦካባት።"

እኔ ልጁ ጊትል ቤተ ሙከራ ገባሁ፤
ከጥንት ሙታን ዐጥንት ዘረመል ቀዳሁ።
ጭኑም ጎድኑም ጥርሱም አልናገር ሲሉኝ፣
አንዲት ጠጠር አለች፣ የማታሳፍረኝ፣
ከውስጠኛው ጆሮ ዙሪያ የቆመች ዐለት፣
የስድስት ሺህ ዓመት ጭቃ ያላፈረሳት።

ስልክ መታሁ፦ "አባባ፣ ሉዝህን አገኘኋት፤
ከጆሮ ውስጥ ናት እንጂ፣ የለችም ማጅራት።
ግን ላነባት ብዬ ዱቄት አደረግኋት፤
ፊደል ወጣ ከሷ፤ ሰውስ መች ወጣባት?"

ዝም አለ። የመሞረጃው ዲስክ በስልኩ ያፏጫል።
"ጆሮ ከሆነችማ፣ ሲጠሩት ይሰማል።"

በጥር ሞተ።
አንትወርፕ መቃብር ታከራያለች፣
ውሉ ሲያበቃ ዐጥንት ታነሣለች።
ስለዚህ በዝናብ ድንበር ተሻገረ ሬሳው፣
ወደ ሆላንዷ ፑተ፣
ከጥሪው በፊት ማንም እንዳያነሣው።
ያጠቡት ሽማግሌዎች እጃቸው ቀልቶ ነበር።
ጠጠር አኖርኩለት። ትንሽ፣ ያልተሞረደ፣ ዋጋ የሌለው ጠጠር።

"የሳይቤሪያ ትል፣ በረዶ ውስጥ ያደረ፣
አርባ ሺህ ዓመት ተኝቶ መሳብ ጀመረ!"
ይላል ዮሪስ፣ ባልደረባዬ፣ አፉ ዳቦ እንደ ጎረሰ።
"ትሉ ይነሣ እሺ" አልኩት፣ "የበላውስ?"
ሳቀ። እኔም ልስቅ ነበር።
ቆጨኝ፤ ይህቺን ለአባባ መንገር ነበረብኝ።

ሰኞ፣ በትሪው ላይ፣ ቁጥር ስምንት መቶ አሥር፦
ሴት። ሃያ ዓመት ግድም። ስሟ አልተጻፈም።
ጓንቴን አጠለቅሁ። የመሰርሰሪያውን
ሞተር ከማስነሣቴ በፊት፣
በሩን ዞር ብዬ አየሁና፣
ወደዚያች ጠጠር ጎንበስ አልኩ፦
"እንደምን አደርሽ?"