ሁለት ካናቴራ

አባቴ መግሃር ሲንግ በሞተ በዓመቱ
ሣጥኑን ከፈተችው ናሲብ ካውር፣ ሚስቱ።
ሰባት ካናቴራ፣ ንጹሕ ጥጥ፣ ተጣጥፎ፣
አንዱ ደረቱ ላይ የእርድ ጠብታ አርፎ።
ሁለቱን መዘዘች።
«ጃግሲር፣ ዶማ ይዘህ ተከተለኝ» አለች።

እኔ ለነዳያን ልትሰጥ ነው ስል ነበር፤
ለካ ሐሳቧ ኖሯል ከማሳው ልትቀብር።
እኛ ሙት አንቀብርም። እሳት ነው ዕጣችን፤
ለወንዝ ይሰጣል የቀረው አመዳችን።
አባቴም እንደዚያው በጭስ ተሸኝቶ
ለእርሻው አልተረፈም አንድ እፍኝ እንኳ ሞቶ።

ባቲንዳ ነው አገሬ፤ ጥጥ አልፎ ስንዴ፣
ስንዴ አልፎ ሩዝ፤ ገለባን ማቃጠል ልማዴ፣
ዩሪያ በጆንያ፣ መርጨት በየሳምንቱ፣
የፓምፑ ቱቦ ሲረዝም በየዓመቱ፣
ውሃው ወደ ታች ሲሸሽ፣ ሲሸሽ፣
የነጋዴው መዝገብ በስሜ ሲቆሽሽ።

እሷ ከአሥር ኤከር ሁለቱን ለይታ፣
የሰፈሩን ሳቅ ከአጥር ውጭ ትታ፣
አታርስም፤ አትረጭም፤ መሬቷን ገለባ ታለብሳለች፤
በስንዴው መሐከል ሽምብራ ትዘራለች፤
እበትና ሽንት ከጥቁር ስኳር ጋር
በርሜል ውስጥ አብኩታ፣ ከኒም ዛፉ ሥር
አንድ ጭብጥ አፈር ለእርሾ ጨምራ
ከዝንብ ጋር ስትከራከር ትውላለች፣ ዱላዋን ገትራ።

አልዋሽም፤ አምና ምርቷ ከእኔ በግማሽ አነሰ።
«ይኸው!» ብያት ነበር፤ ትከሻዋ ብቻ ትንሽ ወደ ታች ፈሰሰ።
ደግሞም አልዋሽም፤
የእኔው ለገበያ ነው፤ የልጄ ቂጣ ግን ከእሷ ስንዴ ነው የሚጋገረው፤
ይህን ለማንም አልተነፈስኩም፤ ለራሴም ገና አሁን ነው የምናገረው።

አንዱን ከእኔ ማሳ፣ አንዱን ከእሷ ማሳ
በስንዝር ጥልቀት ላይ፣ እንደ ሕፃን ሬሳ፣
በእጇ አፈር አለበሰችው። ምልክት ተከለች።
«ስልሳ ቀን ቁጠርልኝ፣ አፈር ስሆን» አለች።

ቆጠርኩ። ብርዱ ወጣ፣ ስንዴው ዘለላ ያዘ፣ ሁለቴ ዘነበ፤
ነጋዴውም ሁለቴ መጣ፤ መዝገቡን አነበበ።

በእኔ ማሳ ዶማው ጮኸ፣ እንደ ጣሪያ ቆርቆሮ።
ካናቴራው ወጣ፣ ያው እንደ ድሮ።
የእርዱ ጠብታ እንኳ ደረቱ ላይ አለ፤
ልቤን ደስ አለው፣ አልክድም፤ አባቴ የተረፈ መሰለ።
ደረቴ ላይ ለካሁት።

እናቴ ዝም። ተሻገርን ወደ እሷ ድንበር፤
ዶማ አላስፈለገም፤ በጣቷ ነበር
ገለባውን ገልጣ የጫረችው።
ጥቁር፣ እርጥብ፣ ገና ያልዘነበ ዝናብ ሽታ ያለው፤
የሻጋታ ነጭ ክር እንደ ሸማኔ ድር ተዘርግቶ፣
ቀይ ትል ከብርሃኑ ሸሽቶ።
ካናቴራው የለም።
የጠርዙ ናይለን ክር ቀርቷል፣ የአንገቱም ምልክት፣ ጽሑፉ የተፋቀ፤
ሌላው ሁሉ አለቀ።

«በልቶታል!» ብላ ሳቀች። ካዘነች ወዲህ የመጀመሪያዋ ነው።
«የእኔው ይበላል። የአንተው ታሟል፣ ጃግሲር፤ ጥርሱ የረገፈ ነው።
ያልበላ አፈር ማንን ያበላል?»

ምን ልመልስ? ዕዳ በትል አይከፈል።
ነጭ ጨርቄን ይዤ ቆምኩ፣ ባንዲራው እንደ ጠፋበት ተሸናፊ፣
ስልሳ ቀን ተቀብሮ እንኳ መሞት ያቃተውን አቅፌ።

ማታ፣ ሰው ሳያየኝ፣ ድንበሯን ተሻገርኩ፤
ያልተበላውን ጥጥ ከገለባዋ ሥር ሸጎጥኩ።
«አፈር ይቅለልህ» አልኩ። ቀላል ነበር፤ ክብደቱን በእጄ አየሁ።
ከራሴም ማሳ አንድ ኤከር፣ አንድ ብቻ፣ ነገ እንዳይቃጠል ለየሁ።

ክብሪቱን ግን አልጣልኩም።
ኪሴ ውስጥ ነው።